የቡና ክብደትና የመቶኛ ሒሳብ

የኢትዮጵያ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚላከው በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ቡና እርጥበቱ ከመቶ 12 ገደማ እስኪሆን ካልደረቀ፥ በጕዞና በባሕሩ ዳር ወበቅ ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ ከመጫኑ አስቀድሞ ይደርቃል። የሚከተለው ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል።

ጥያቄ፤ እርጥበቱ ከመቶ 20 የሆነ 110 ኩንታል ቡና፥ ከመቶ 12 እስኪሆን ቢደርቅ ስንት ኩንታል ይመዝናል?

ብዙ ሰው 12ን ከ20 ቀንሶ፥ «የጐደለው ከመቶ 8 ነው» በማለት 101.2 ኩንታል ብሎ ይመልሳል። ይህ ስሕተት ነው። ከመቶ 20 የተባለው ከእርጥቡ ቡና ክብደት ሲሆን፥ ከመቶ 12 የተባለው ግን ገና ካልታወቀው ከደረቁ ቡና ክብደት ነው።

መፍትሔ፤ ጥያቄው ሳይናገር ያለፈው፥ የሚጐድለው ውሃው ብቻ መሆኑንና ከፍሬው ምንም አለመጥፋቱን ነው። ከ110 ኩንታሉ ውሃው 22፥ የቀረው 88 ኩንታል ነው። የደረቁን ቡና ክብደት «ሀ» እንበለው። 88 ኩንታሉ ከ«ሀ» ከመቶ 88 እጅ ስለሚሆን፥

0.88 × ሀ = 88፤ ሀ = 100 ኩንታል።

ማረጋገጫ፤ ውሃው 12፥ ሌላው 88፥ ድምሩ 100 ነው።

በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት 120 ኪሎ፥ ማለት ባለ 60 ኪሎ 2 ጆንያ ነው። ሰነዱ በተሳሳተው ሒሳብ ቢጻፍ፥ በወደቡ ሚዛን 2 ጆንያ ጐደለ ተብሎ፥ አንዳች ያልነካ ሾፌር ወይም ዘበኛ በሌብነት ይጠረጠራል። እንግዲህ «ከመቶ» የሚል ቃል ባየን ጊዜ፥ አስቀድመን «ከየትኛው መቶ?»፥ ቀጥሎም «ሳይነገር የታሰበው ምንድር ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።