ለከፍታ ዘላዩ የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ “ጋሼ፣ ቁመትህ ለከፍታ ዝላይ አይሆንም አሉኝ” ብለህ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ዘመን የስፖርት መምህር ሆኜ ስኖር እንዲህ የተባሉ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ከሜዳ ሲወጡ አይቻለሁ። አንተ እንድትወጣ ስለማልፈልግ የማውቀውን እጽፍልሃለሁ።

1. ቁመትህን ለሚለካ ሰው ስለ ስቴፋን ሆልም ንገረው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፎርሻጋ በምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ81 ነው። መንገድ ላይ ብታገኘው አጭር አትለውም፤ ሁለት ሜትር ሊሞሉ ጥቂት ከቀራቸው ዘላዮች መካከል ሲቆም ግን ታናሽ ወንድማቸው ይመስላል። ይህ ሰው በ2005 ማድሪድ ላይ፣ በአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና፣ 2 ሜትር ከ40 ዘለለ። ከአናቱ በላይ 59 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከእሱ በፊት ይህን ያህል ከራሱ በላይ የዘለለው አሜሪካዊው ፍራንክሊን ጃኮብስ ነበር፤ 1.73 ቁመት ይዞ በ1978 2.32 ተሻገረ። ቁመት አይጠቅምም ብዬ አልዋሽህም፤ ረጅም ሰው ገና ሳይነሳ ወደ አግዳሚው ቀርቧል። ሆልም ግን የጎደለውን በመንደርደሪያው ፍጥነት ሞላው። ያመለጠ ጥጃ ስትመልስ አይቼሃለሁና ፍጥነቱ አንተም ዘንድ አለ።

2. አሸዋ ላይ በጀርባህ አትውደቅ። ይህን ምክር ሌላውን ሁሉ ብትረሳ እንኳ እንዳትረሳው። ዲክ ፎስበሪ አግዳሚውን በጀርባው ተሻግሮ፣ 2.24 ዘልሎ፣ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ኦክቶበር 20 ቀን 1968 ነው፤ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ያው ቀን። እኛ በሬዲዮ የሰማነው የማሞን ብቻ ነበር። የፎስበሪን አዘላለል በፎቶግራፍ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በማግስቱ ትምህርት ቤታችን አሸዋ ላይ ልሞክረው ተነሳሁ። በአንገቴ አረፍኩ። ለሳምንታት ፊቴን ወደ ግራ ማዞር አልቻልኩም፤ እግዚአብሔር ባያተርፈኝ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ያኔ ያልገባኝ፣ ፎስበሪ በጀርባው መውደቅ የቻለው ከአግዳሚው ወዲያ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ስለነበረ መሆኑ ነው። ፍራሽ የሌለበት ቦታ እግርህን እንደ መቀስ እየከፈትክ ተሻገርና በእግርህ አርፍ። በዚህ ልምምድ አነሳስህና መንደርደሪያህ ይጠነክራል፤ ፍራሽ ያለበት ስታዲየም ስትደርስ ጀርባውን ትማራለህ።

3. ዝቅተኛውን ከፍታ አትናቅ። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ከፍታ ዘላዮቹ ዝናብ ወርዶባቸው ነበር። ሆልም 2.32 ዘለለ፤ ብሩን የወሰደው ኩባዊው ሶቶማዮርም የዘለለው 2.32 ነው፤ ነሐሱም እንደዚያው። ሆልም አራተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች እኩል ከዘለሉ በመጀመሪያ በዚያው ከፍታ ማን ጥቂት ጊዜ እንደጣለ ይታያል፤ በዚያም ካልተለዩ እስከዚያ ድረስ የጣሉት በሙሉ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰውነትህ ሳይሟሟቅ ገብተህ በቸልታ የጣልካት አግዳሚ ማታ ሜዳልያህን ልትወስድብህ ትችላለች።

4. ሦስተኛዋን ሙከራ በልምምድ ሜዳ ተለማመዳት። ሁለቴ ጥለህ አንዲት ብቻ ስትቀርህ ጉልበት ይርዳል። አቴንስ ላይ በ2004 ሆልም 2.34ን ሁለቴ ጣለ። ሦስተኛዋን ቢስት ኖሮ እንደ ሲድኒው በ2.32 አራተኛ ይሆን ነበር፤ 2.34 የተሻገሩ ሌሎች ሦስት ነበሩና። ተሻገራት፤ ቀጥሎ 2.36 ዘልሎ ወርቁን ወሰደ። እኔ ልጆቼን ሳሠለጥን በልምምዱ መጨረሻ፣ ደክሟቸው ሳለ፣ አንዲት ዝላይ ብቻ እሰጣቸው ነበር። ብትጥል ትጥላለህ፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ጨካኝ ይመስላል፤ ያችን ስሜት አስቀድሞ ያላወቀ ልጅ ግን በውድድር ቀን ባዳ ትሆንበታለች።

5. አሠልጣኝ አትቀያይር። ሆልምን ያሠለጠነው አባቱ ዮኒ ነው። አባትህ ያሠልጥንህ ማለቴ አይደለም፤ እሱ እርሻው ይበቃዋል። ዓመት ከዓመት እርምጃህን የሚያይ አንድ ዓይን ይኑርህ ነው የምለው።

6. የምትነሳበት እግር ካመመህ ተናገር። ቁርጭምጭሚትህ እያበጠ “ደህና ነኝ” አትበል።

7. መቼ እንደምታቆም አንተው ወስን። ሆልም በ2008 ቤይጂንግ ላይ እንደገና 2.32 ዘለለ፤ እንደገና አራተኛ ሆነ። በሲድኒና በቤይጂንግ መካከል ስምንት ዓመት፣ አንድ የኦሊምፒክ ወርቅና የማድሪዱ 2.40 አሉ። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ፤ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ከቤት ውጭ የዓለም ሻምፒዮን ሳይሆን ነው ያቆመው። ይህን ሳስብ አዝንለት ነበር፤ አሁን አላዝንም። ሰውየው በቁመቱ ከሚጠበቅበት በላይ ዘልሏል።

ለፋሲካ ስትመጣ ሜትሩን ይዤ እጠብቅሃለሁ። ቁመትህን አንለካም፤ መንደርደሪያህን ነው።