ዘመድን ለመጠጋት አገር ስለ መለወጥ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ የሰውን ልጅ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት አስገኝቶ በዝምድና ሰንሰለት ላስተሳሰረው ጌታ ይገባው፤ ሶላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ዕወቅ፤ አላህ ይዘንልህና፣ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር በዘመናችን በብዙ ቤት የሚነሣ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው አጎቶቹና አክስቶቹ ከነልጆቻቸው በሌላ አገር ተቀምጠው፣ እርሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በትውልድ አገሩ ቀርቷል። ልጆቹ የአጎታቸውን ፊት በፎቶግራፍ እንጂ በዓይን አያውቁትም። በዒድ ቀን የጎረቤቱ ቤት በዘመድ ሲሞላ የእርሱ ቤት ጭር ይላል። ስለዚህ ልቡ፣ «ዝምድናን መቀጠል የታዘዘ አይደለምን? ተነሥተህ ወደ ወገኖችህ ሂድ» ይለዋል። ከወሎም ሆነ ከጅማ ወይም ከሐረር ዘመዶቻቸው በጂዳና በሪያድ፣ ወይም ከዚያ ርቀው በአውሮፓና በአሜሪካ የተቀመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ነገር ሌትና ቀን ያወጡታል፣ ያወርዱታል። ታዲያ ይህ ጉዞ ምንዳ የሚገኝበት መልካም ሥራ ነውን? ወይስ የነፍስ ምኞት መልካም ልብስ ለብሶ የመጣ ነው? መልሱን በአላህ ፈቃድ ደረጃ በደረጃ እናያለን።

የመጀመሪያው ነገር፤ የዝምድና ሐቅ

ዐረቦች ዝምድናን «ረሒም» ይሉታል። ይህ ቃል የእናት ማኅፀን ስም ሲሆን፣ እዝነት ማለት ከሆነው «ራሕማ» ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ስሙ ከፍ ያለው አላህ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሰዎች እርሱን እንዲፈሩ ካዘዘ በኋላ ወዲያው የዝምድናን ነገር እንዲጠነቀቁ አዘዘ። በሙሐመድ ምዕራፍም በምድር ላይ የሚያበላሹትንና ዝምድናን የሚቆርጡትን ከእዝነቱ እንዳራቃቸው ተናገረ። ነቢያችንም (የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚወድ ሰው ዝምድናውን ይቀጥል ዘንድ እንደ መከሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ነገር ግን አስተውል። የታዘዝከው ዝምድናን እንዳትቆርጥ ነው እንጂ ከዘመድህ ቤት ጎን ቤት እንድትሠራ አይደለም። ሊቃውንት ዝምድናን የመቀጠልን መንገድ ሲዘረዝሩ፣ የተቸገረውን በገንዘብ መርዳትን፣ የታመመውን መጠየቅን፣ ጉዳትን መከላከልን፣ በፈገግታ መቀበልን፣ ዱዓ ማድረግንና ከሁሉ ዝቅ ሲል ሰላምታ መላክን ጠቅሰዋል። ስለዚህ መንገዱ ብዙ ነው፤ መጠጋት ከመንገዶቹ አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ለዚህም ከአገራችን ታሪክ ጋር የተሳሰረ ማስረጃ አለ። የነቢያችን የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ628 የኸይበር ዘመቻ በተፈጸመበት ጊዜ እስኪመለስ ድረስ ወደ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ከወገኖቹ ርቆ ኖረ። ሲመለስም ነቢያችን በደስታ ተቀበሉት እንጂ ዝምድናን ቆርጠሃል ብለው አልወቀሱትም። ርቀት በራሱ ቆራጭ አይደለም፤ ቆራጩ ልብ ነው።

ሁለተኛው ነገር፤ የያዕቆብ ቤተሰብ ምሳሌ

ዘመድን ለመጠጋት አገር ስለ ለወጡ ሰዎች የሚናገር ታሪክ የፈለግህ እንደሆነ፣ የዩሱፍን ምዕራፍ አንብብ። ያዕቆብ (ሰላም በእርሱ ላይ ይሁን) ከነቤተሰቡ የገጠሩን ኑሮ ትቶ ልጁ ወዳለበት ወደ ግብጽ ገባ። ከዚህ ታሪክ አራት ነገሮችን ተመልከት።

አንደኛ፣ ዕርቅ ከጉዞ ቀደመ። ዩሱፍ ወንድሞቹን ይቅር ካለ በኋላ ነው ቤተሰባቸውን ሁሉ ይዘው እንዲመጡ የነገራቸው። ያልታረቀ ዘመድ ቢጠጋጋ ቁስሉን ይነካካል እንጂ አያድንም። ሁለተኛ፣ ጠሪው የመቀበል ችሎታ ነበረው። ዩሱፍ በዚያን ጊዜ በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ ተሹሞ ነበርና፣ የጠራቸውን ሰዎች ማብላትና ማስጠጋት ይቻለው ነበር። ሦስተኛ፣ በሰላምና በፈቃድ ገቡ። ወደ ግብጽ የገቡት ተረጋግተው እንዲገቡ ተነግሯቸው ነው እንጂ ተደብቀው አይደለም። አራተኛ፣ ሽማግሌው አባት አልተተወም። ዩሱፍ ወላጆቹን ወደ ራሱ አስጠጋ፣ አከበራቸውም።

እንግዲህ የአንተ ጉዞ እነዚህን አራቱን ያሟላ እንደሆነ፣ መልካም ሰዎች በሄዱበት መንገድ ላይ ነህ። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ግን ቆም ብለህ አስብ።

ሦስተኛው ነገር፤ ወደ ኋላ የሚቀረው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሄድበትን ዘመድ ይቆጥራል፣ የሚተወውን ግን አይቆጥርም። የሐቅ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ እናት ትቀድማለች፣ ከዚያ አባት፣ ከዚያም የቅርብ ቅርብ እየተባለ ይወርዳል። አጎትን ለመጠጋት እናትን መተው፣ ቅርንጫፉን ለመያዝ ግንዱን መልቀቅ ነው። አንድ ሰው ወላጆቹን እያለቀሱ ትቶ ለሂጅራ ቃል ለመግባት ወደ ነቢያችን በመጣ ጊዜ፣ ተመልሶ እንዳስለቀሳቸው እንዲያስቃቸው እንዳዘዙት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ወደ መዲና የሚደረግ ሂጅራ ታላቅ ሥራ ሆኖ ሳለ የወላጅ እንባ ካስመለሰ፣ የአጎት ልጅን ናፍቆ የሚደረግ ጉዞማ እንዴት አያስመልስም?

ስለዚህ ወላጆችህ በሕይወት ካሉ፣ በመጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቅ፤ ከአፋቸው «ሂድ» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ከፊታቸው የሚታየውን ተመልከት። እናት ልጇን ላለማሳዘን «እኔ ደኅና ነኝ» ትላለችና። ቀጥሎም እንዲህ ብለህ ራስህን መርምር፤ ውኃ የሚቀዳላቸው፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው፣ በሌሊት ድምፃቸውን የሚሰማ ማን ይቀራል? የሚተካህ እውነተኛ ሰው ከሌለ፣ ከባሕር ማዶ የምትልከው ገንዘብ እጅህን አይተካም።

አራተኛው ነገር፤ የመኖሪያ ፈቃድ ቃል ኪዳን ነው

አላህ በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ መጀመሪያ ምእመናን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ አዝዟል። ወደ አንድ አገር በቪዛ የሚገባ ሰው ከዚያ አገር ጋር ውል ገብቷል፤ ውሉን ማፍረስም አልተፈቀደለትም። እንዲሁም አላህ ነፍስን ወደ ጥፋት መጣልን ከልክሏልና፣ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ በምድረ በዳና በጀልባ፣ በየመን በኩል ሕይወትን ለአደጋ ሰጥቶ መሻገር፣ ዘመድን ለመጠየቅ ነው ቢባል እንኳ ምክንያት አይሆንም።

በዚህ ላይ የዛሬዎቹ መንግሥታት ሕግ አጎትንና የአጎትን ልጅ እንደ ቤተሰብ እንደማይቆጥር ዕወቅ። በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለወላጆቹና ለወንድም ለእህቶቹ ማመልከት ይችላል፤ የወንድምና የእህት ተራ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ ለአጎት፣ ለአክስትና ለልጆቻቸው ደግሞ መንገድ የለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ መብት ብሎ ያረጋገጠው ለባልና ለሚስት እንዲሁም ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ነው፤ የሌላውን ዘመድ ነገር ለየአገሩ ፈቃድ ትቶታል። በሳዑዲ ዐረቢያም ከአገር ውጭ የመጣ ሠራተኛ የሚኖረው በሥራው በኩል በሚያገኘው ኢቃማ ነው እንጂ በዚያ ባለው አጎቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከእንዲህ ያለው ሠራተኛ ጋር በሚኖር በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በየዓመቱም 100 እየተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ2020 ላይ 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና አራት ልጆች ላለው ሰው ይህ በወር 2,000 ሪያል መሆኑን አስላ። ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ በፊት የሚከፈል መሆኑንም አትርሳ።

ፈቃድ የሌለው ሰው ቤት ምን ያህል በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ያስተማረን ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2013 መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ የሳዑዲ መንግሥት ባደረገው የማስወጣት ዘመቻ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ያላቸውን ሁሉ ሸጠው የሄዱ ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን የሚጠብቃቸው መሬትም ከብትም አልነበረም። ስለዚህ ቤትህን ከመሸጥህ በፊት ፈቃድህ በእጅህ ይሁን።

አምስተኛው ነገር፤ መጠጋትም ልክ አለው

ኢማም ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት) «ኢሕያእ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ የተላለፈ ምክር ጠቅሰዋል። ይኸውም ዘመዶች ይጠያየቁ ዘንድ እንጂ በጉርብትና እንዳይኖሩ የሚመክር ነው። ምክንያቱንም ሲያብራሩ፣ ጉርብትና በሐቅ መጋፋትን፣ መጋፋትም ቅያሜንና መቆራረጥን ሊያመጣ ይችላልና ነው ብለዋል። ይህ ምክር ዘመድ ጎረቤት መሆኑን ሐራም አያደርግም፤ ነገር ግን በናፍቆት ብቻ የሚሄደውን ሰው ያነቃዋል። በዓመት አንድ ጊዜ የምታገኘው አጎት ማር ነው፤ በአንድ ግቢ በአንድ ማጀት ሲኖሩ ግን የውኃውና የመብራቱ ሒሳብ፣ የልጆች ጥል፣ የሴቶች ቃል ይመጣል።

ስለዚህ የሄድህ እንደሆነ ሦስት ነገሮችን ጠብቅ። በመጀመሪያ ሚስትህ ራሷን ችላ የምትኖርበት ማደሪያ ሐቋ ነው፤ ከዘመዶችህ ጋር በአንድ ክፍል ተጨናንቃ እንድትኖር አታስገድዳት። የባል ወንድምና የአጎት ልጅ ከእርሷ ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነቢያችን አጥብቀው አስጠንቅቀዋልና፣ «ዘመድ ነው» በማለት በሩን አትክፈት። ሁለተኛ፣ ለጉዞ የተበደርከውን ገንዘብ ከአጎትህም ቢሆን በጽሑፍና በምስክር አድርገው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ብድር መጻፍ የተናገረው መሆኑ ከንቱ አይደለም። ሦስተኛ፣ እንግድነትህ መቼ እንደሚያበቃ አስቀድመህ ወስን፤ ቤት ተከራይተህ የምትወጣበትን ቀን ሳትቆርጥ በዘመድ ቤት አትግባ። ሸክም የሆነ ዘመድ ቶሎ ይጠላልና።

ስድስተኛው ነገር፤ መሄድ ያልተቻለው ምን ያድርግ?

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴም ሆይ፤ ሐቆችህን መርምረህ መቅረት የሚገባህ ሆኖ ካገኘኸው አትዘን፤ የዝምድና በር አልተዘጋብህም። በየጁሙዓው ከሶላት በኋላ ለአንድ ዘመድህ ስልክ ደውል፤ በዝርዝር ጽፈህ ማንንም አትዝለል፤ ልጆችህንም ከአጎታቸው ጋር አነጋግራቸው። ለድሀ ዘመድ የሚሰጥ ሶደቃ ሁለት ምንዳ እንዳለው፣ አንዱ የሶደቃ ሌላው የዝምድና መሆኑን ነቢያችን አስተምረዋል። ለጉዞ ካሰብከው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ አውለው። ቢቻልህም በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሄደህ ጠይቃቸው። ደውለህ የማይመልስልህም ቢኖር አትተወው፤ እውነተኛው ዝምድናን ቀጣይ ውለታን በውለታ የሚመልሰው ሳይሆን፣ ሲቆርጡት የሚቀጥለው ነውና።

በመጨረሻም ሳትቸኩል የሚያውቁ ሰዎችን አማክር፤ ሁለት ረከዓ ሰግደህም ኢስቲኻራ አድርግ። ኒያህን መርምር፤ የሚያስነሣህ የዘመድ ፍቅር ነው ወይስ በዘመድ ስም የተሸፈነ የገንዘብ ጉጉት? ሐላል ሲሳይን መፈለግ የተፈቀደ ነው፤ ስሙን ለውጦ ራስን ማታለል ግን የተፈቀደ አይደለም። ኒያው ቀና ሆኖ፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ ውል ተጠብቆ፣ ማደሪያ ተዘጋጅቶ የምትሄድ ከሆነ፣ አላህ ከሚወዳቸው ሥራዎች አንዱን ለመሥራት ወጥተሃልና በእርሱ ተመክተህ ሂድ።

አላህ ሆይ! በባሕርና በድንበር የተለያዩትን ቤተ ዘመዶች በመልካም አገናኝ፤ የተቀያየሙትን አስታርቅ፤ በሰው አገር ያሉትን ጠብቅ፤ በአገር የቀሩትን ሽማግሌዎች የሚጦራቸው አታሳጣ። አሚን።