የማርጌት ከተማ ታሪክ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ማርጌት በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ቀድሞ የምትኖረው ዓሣ በማጥመድና እህል ወደ ሎንዶን በመላክ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት የባሕር ውሃ ለጤና ይበጃል ስለ ተባለ፥ እህል አድርሰው የሚመለሱት ጀልባዎች እንግዳ ይጭኑ ጀመር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1815 የእንፋሎት መርከብ፥ በ1846 ደግሞ የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ ጉዞው ቀለለ፤ ሠራተኛውም ሕዝብ ሳይቀር ለዕረፍት ይመጣ ጀመር፤ ሆቴሉና ሱቁም በዛ።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን አውሮፕላን በርካሽ ዋጋ ይህንኑ እንግዳ ፀሐይ ወደማይጠፋበት ወደ እስፓኝ ወሰደው። የከተማይቱ ገቢ በሙቀት ወራት እንግዳ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፥ ሆቴሎች ተዘጉ፤ ሱቆች ባዶ ቀሩ፤ ሥራ ያጣውም ሰው በዛ።

በ2011 በዚያ በልጅነቱ በተማረው በሠዓሊው በተርነር ስም የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ተከፈተ። እንግዳም ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ የቤት ዋጋ ስለ ወጣ ነባሩ ነዋሪ ሁሉ እኩል አልተጠቀመም።

እንግዲህ በአንድ ዓይነት ደንበኛ ብቻ የሚኖር ገበያ መሠረቱ የላላ ነው። አዲስ መንገድ በተከፈተ ቍጥር፥ ደንበኛን የሚያመጣ ነው ወይስ የሚወስድ? ብሎ አስቀድሞ መመርመር የአስተዋይ ነጋዴ ተግባር ነው።