ሜኑ ላይ የማይጻፈው
(ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ ምግብና መጠጥ ቤቶችን እንዴት እንዘግብ?)

ስለ አንድ ምግብ ቤት ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን የምንጽፈው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ይሸጣል፣ በስንት ይሸጣል፣ ይጣፍጣል ወይስ አይጣፍጥም። ይህ ግን ወደ ማስታወቂያ እንጂ ወደ ዘገባ አይጠጋም። አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው ሜኑ ላይ የማይጻፈው ልማዱ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከግቢያችን በር ተነስተን በአራት ኪሎ አድርገን እስከ ፒያሳ ስንወርድ የምናገኘውን ምሳሌ እያደረግሁ፣ ልማድን እንዴት ማየትና መመዝገብ እንደሚቻል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል። መንገድና ሕንፃ በካርታና በፎቶግራፍ ይቀራል። «እዚያ ቤት ሰው እንዴት ነበር የሚያዘው? ማን ከማን ጋር ነበር የሚቀመጠው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ቀድሞ የጻፈ ሰው ከሌለ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

1. ስሙን ጠይቁ

በስድስት ኪሎ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ሽሮ ቤቶች ታፔላ የሌላቸው አሉ። እኔና ጓደኞቼ የምንበላባትን ቤት የምንጠራት በበሯ ቀለም ነው፤ «አረንጓዴዋ ጋ እንገናኝ» ከተባለ አለቀ። ጠላ ቤትም ቢሆን በጥንቱ ልማድ ፊደል አያስፈልገውም። ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ከታየ «ጠላ አለ» ማለት ነው። ፒያሳ ደግሞ ራሷ ስሟን ያገኘችው አደባባይ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካም ስሙ «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» የሚለው የጣሊያንኛ ስም ምህጻር ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ስለዚህ ስም ስትጠይቁ ባለቤቱ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን ደንበኛው የሚጠራበትንም መዝግቡ።

2. ትእዛዙን አዳምጡ

«እትዬ፣ አንድ ተጋቢኖ ለሁለት!»
«እንጀራ ልጨምር?»
«ኧረ ይጨመር!»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የተማሪ ኢኮኖሚክስ አለ። ሽሮው በሸክላው እየፈላ ይመጣል፣ ሁለት ሰው ይካፈለዋል፣ የሚያጠግበው ግን የሚጨመረው እንጀራ ነው። ከግቢ ካፍቴሪያ ወጥቶ በብር የሚመገበው ኖን ካፌ ተማሪ ደግሞ ኮንትራት ይይዛል፤ ወሩን ሙሉ አንድ ቤት ይበላል፣ ሒሳቡም በደብተር ይያዛል። ያ ደብተር የመተማመን ሰነድ ነው። (ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ግን አይጻፍም። ባለቤቷ ብታሳየንም የሰው ገመና ነው።)

ካፌ ስንገባ ቋንቋው ይለወጣል። ማኪያቶ በጣሊያኖቹ ዘንድ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። የእኛው ወተቱ በዛ ይላል፣ በዚያ ላይ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ተብሎ በቀለም ይታዘዛል። ስፕሪስ ካላችሁ ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ይመጣላችኋል። ጭማቂ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ብትሉ ግን የሚመጣው የተደራረበ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ነው። ጠጅ ቤት ደግሞ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ ተብሎ ይጠየቃል፤ ያልለመደ ሰው «ደረቅ መጠጥ ምን ማለት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ረቡዕና ዓርብም መታዘብ ጥሩ ነው። ሥጋ ቤቱ ጭር ሲል በያይነቱ የሚሸጠው ቤት ወረፋ ይይዛል።

3. አቀማመጡን ተመልከቱ

በፒያሳው ቶሞካ ደንበኛ ቡናውን ቆሞ ሲጠጣ ነው የኖረው። የቆመ ሰው ብዙ አይቆይም፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ግን ትከሻ ለትከሻ ነው። ጀበና ቡና ጋ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ነው። በርጩማው ዝቅ ያለ፣ ቦታው ጠባብ በመሆኑ የማያውቁት ሰው ወሬ ውስጥ ሳይታሰብ ይገባል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ አራት ኪሎ ላይ ሰው ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራየ፣ አንብቦ ይመልስ ነበር። ያነበበውንም ቡና ይዞ ይከራከርበታል። አንድ ጋዜጣ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ከታተመው ቅጂ ብዛት ብቻ ማወቅ አይቻልም የሚባለው ለዚህ ነው።

4. ዘመኑን አረጋግጡ

በእቴጌ ጣይቱ የተቋቋመው የፒያሳው ጣይቱ ሆቴል የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑ ይነገራል። የምሥረታ ዘመኑ «1898» ተብሎ ሲጻፍ ግን ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይለይ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ ያለ አቆጣጠሩ ዓመት አትጻፉ። ይኸው ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረው ጃዛምባ አብሮ ተቃጥሏል። እዚያ ያመሸ ሰው ትዝታ ዛሬ ራሱን የቻለ ምንጭ ነው፤ ፈልጎ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ታዋቂዎቹ ቤቶች ጸሐፊ አያጡም። አረንጓዴዋን በር ግን ከእኛ ሌላ ማን ይጽፋታል? እያንዳንዳችን በዚህ ሴሚስተር አንድ ቤት እንያዝ። ባለቤቷን እናስፈቅድ፣ ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት እንሂድ፣ ስሙን፣ ትእዛዙን፣ አቀማመጡንና ዘመኑን እንመዝግብ፣ ዋጋ ስንጽፍም ቀኑን አንርሳ። በየዓመቱ አንድ ክፍል ተማሪ ይህን ቢያደርግ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ምንም ያህል ቢለወጥ ሰው እንዴት ይበላና ይጠጣበት እንደነበር የሚናገር መዝገብ ይኖረናል።