«ባሪያ» የሚለው ቃልና እኛ



ሐሙሲት ስሟ እንደሚነግረን የሐሙስ ገበያ ናት። በዚያ ቀን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ በሰውና በከብት ይሞላል፤ ከደራ ጤፉ፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዙና ሽንኩርቱ፣ ከጣና ዳር ዓሣውና ሰፌዱ ይመጣል። በአንድ የገበያ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ መልኩ የጠቆረ አንድ ተሸካሚ ልጅ በደጅ አለፈ። ጢማቸው የሸበተ አንድ ሰው «አንተ ባሪያ፣ ና ይችን ጆንያ አንሣልኝ» አሉት። ቤቱ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ብዙም ሳይቆይ የዙህር አዛን ተሰማና እኒያው ሰው ለውዱእ ተነሡ። ሶላታቸውን ሰግደው ተሸሁድ ላይ ሲደርሱም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአሏህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን መሰከሩ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ነገር ቆም ብለህ ተመልከተው። ለኛ ለሙስሊሞች «ባሪያ» ከሁሉ የከበረ ማዕረግ ነው። ልጆቻችንን ዐብዱላህ፣ ዐብዱረሕማን፣ ዐብዱልቃድር ብለን የምንሰይመው በዚሁ ቃል ነው። መስጊድ ውስጥ ክብር የሆነው ቃል ከመስጊድ ደጅ ሲወጣ ስድብ የሚሆነው እንዴት ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ሰውን ከአሏህ ሌላ ጌታ እንዳለው አድርገን ስለቆጠርነው ነው።

ስለ ነጭ ዘረኝነት ማውራት ይቀለናል። ስለ አሜሪካ የጥቁሮች ትግል፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ብዙ ሰምተናል፣ ተናደናልም። በእኛው መንደር መንገድ ስላለፈው ነገር ግን ዝም እንላለን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእናርያ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ በጎጃም ባሶ ገበያ አልፎ፣ ጣናን በምሥራቅ ታክኮ፣ በይፋግ በኩል ጎንደር ይገባ ነበር፤ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ያመራል። የጭነቱ ዓይነት ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና ነበር፤ በእግሩ የሚነዳው ጭነት ደግሞ ሰው ነበር። ነጂዎቹ እነማን ነበሩ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቹ የኛው የጎንደርና የደሪጣ ነጋዴዎች ናቸው። በርግጥ ገዢዎቹና አሠሪዎቹ መኳንንቱ ነበሩ፤ ሙስሊሙም ርስት ተከልክሎ ከንግድና ከሽመና ሌላ በር አልነበረውም። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ጉባኤ የጎንደር ሙስሊም ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር መወሰኑን እናውቃለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተገፋ ሰው ሌላውን እንዲገፋ ፈቃድ አያሰጠውም።

ሕጉ ተለውጧል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚያው ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ዐዋጅ ወጣ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተከለከለ። ዐዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ምላሱን ግን አላሰረውም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ እሱም የሃይማኖት ወንድሞቻችንን የሚመለከት ነው። በጣና ዙሪያ፣ ከደንቢያ እስከ ባሕር ዳር፣ ነገደ ወይጦ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። የደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሰፌድ ይሰፋሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ከቆዳው አለንጋ ይሠሩ ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እነርሱ ሙስሊም ነን ይላሉ፤ ስማቸውም የሙስሊም ስም ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት ርኩስ በሊታ ብሎ ሸሻቸው፤ እኛ ደግሞ «ስማቸው ነው እንጂ እስላም አይደሉም» ብለን ከማዕድ ለየናቸው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። በልጅነቴ ቤታችን ሰፌድ የምታመጣ አንዲት የወይጦ ሴት ነበረች። ሰፌዱ ላይ እንጀራ ቀርቦ ሁላችንም እንበላ ነበር፤ ለእርሷ ውኃ የሚሰጥበት ጣሳ ግን ለብቻው ከደጅ የሚቀመጥ ነበር። የእጇ ሥራ ንጹሕ፣ እጇ ርኩስ! ያኔ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«ጉማሬ ይበላሉ» ይባላል። ይህ ያረጀ ክስ ነው፤ አደኑ ቀርቶ አብዛኞቹ በዓሣና በእርሻ ነው የሚኖሩት። ደግሞስ በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት ሥጋ ዑለሞች በመዝሀብ የተለያዩበት ጉዳይ መሆኑን የማያውቅ የዲን ተማሪ አለን? ስሕተት ነው ብንል እንኳ፣ የተሳሳተን ወንድም ማስተማር እንጂ ሰላምታ መንፈግ፣ ጣሳ መለየት ከየትኛው ኪታብ ተገኘ?

የማዕድ ነገር ቀላል እንዳይመስለን። በየካቲት 1፣ 1960 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በሚያስተናግድ ምግብ መሸጫ ገብተው ተቀመጡ። ቡና አዘዙ፣ ተከለከሉ፣ አልነሣም አሉ። በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ፤ ነገሩ ከከተማ ከተማ ተዛመተ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በቆዳ ቀለም ምክንያት በምግብ ቤትና በሆቴል ሰውን መከልከልን አገደ። በዚያው ዓመት ማልኮም ኤክስ መካ ሄደ። ነጭን ሁሉ ሰይጣን ነው ብሎ ሲያስተምር የነበረ ሰው ነው። ከሐጅ በጻፈው ደብዳቤ ልቡን የለወጠው ምን እንደሆነ ሲናገር፣ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ቆዳቸው ነጭ ከሆነ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳሕን መብላቱን፣ ከአንድ ብርጭቆ መጠጣቱን ነው ያነሣው። በየካቲት 21፣ 1965 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ተገደለ፤ አሏህ ይዘንለት። አሰብኩት፤ ይህ ሰው ወደ መካ ሳይሆን ወደኛ መንደር መጥቶ ያን ጣሳ ቢያይ ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር?

እኛም እኮ መብት ጠያቂዎች ነን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሰልፍ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃን፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን ያለ ሰልፍ ነው። ክርስቲያን ወንድሞችም አብረውን ወጥተዋል። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳ መባል እንዴት እንደሚያቃጥል የምናውቅ ሰዎች ወይጦውን «በእስልምና ዳር የሚኖር» ስናደርገው አያሳፍርም? ሴት ልጆቻችን ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት «ዐብዳ» ተብለው ሲጠሩ ደማችን ይፈላል፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከሳዑዲ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ አልቅሰናል። «ዐብዳ» ማለት እኮ ያው ሐሙሲት ሻይ ቤት የሰማሁት ቃል ነው።

አቡዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በጥቁር እናቱ በሰደበው ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂልያ ርዝራዥ በውስጡ እንዳለ ነገሩት። አቡዘር ተራ ሰው አልነበረም፤ ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ነው። በሕይወታቸው መጨረሻም ነብዩ የጦሩን አዝማችነት የሰጡት ገና ወጣት ለነበረው ለኡሳማ ነው። አባቱ ዘይድ ከባርነት ነፃ የወጣ፣ እናቱ ኡሙ አይመን ሐበሻዊት ነበረች። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ሹመቱን አጸኑት። ዘይድንም አስቀድመው የአክስታቸውን ልጅ ዘይነብን ድረውለት ነበር።

ኒካሕ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንጨነቃለን። ልጁ ይሰግዳል፣ ይጾማል፣ ሠርቶ ያድራል፤ ሽማግሌ ሲልክ ግን «ዘሩ ምንድን ነው?» እንላለን፤ ወይጦ ወይም የባሪያ ዘር ከተባለ ነገሩ ያበቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ኢማም በጁሙዓ ኹጥባ ሲናገር እስካሁን አልሰማሁም።