ግቢ ሲከፈት፦ ሳል የያዘው ወንድማችን ምን ያድርግ?

  

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትተነው የሄድነው ግቢ መልሶ ተቀብሎናል። ስለ ማስክ፣ ስለ ርቀትና ስለ እጅ መታጠብ ስልክ በደወልን ቁጥር ስንሰማ ከርመናል። ስለዚህ ዛሬ የምናጠናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከመካከላችን አንዱ ዶርም ውስጥ አሞት ቢነሳ ምን ያድርግ?

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ወደ ሻም ሲጓዙ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን መንገድ ላይ ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ በሐሳብ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን አንድ ሆነው መመለሱን መረጡ፤ ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር እንደሚሄዱ ነገሯቸው፤ ግመሉን ለምለሙ ላይ ያሰማራም፣ ደረቁ ላይ ያሰማራም፣ ሁለቱም በቀደር እንደሆነ አስረዷቸው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ከነቢዩ የሰሙትን ተናገሩ፦ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አይገባም፤ ያለንበት አገር ላይ ከተከሰተም ሸሽቶ አይወጣም።

ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግን ይከብዳል፤ ሸክሙን ውስጥ ባለው ሰው ላይ ይጥላልና። የእኛ ዶርም ጉዳይም ይኸው ነው። ሳሉን የሚደብቅ ተማሪ ሳል ምን እንደሆነ አጥቶት አይደለም። ፈተና ያመልጠኛል፣ ለይቶ ማቆያ እገባለሁ፣ ጓደኞቼ ይሸሹኛል ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጀመዓ እንዳያመልጠው ይሳሳል። ለዚህኛው መልሱ ቀላል ነው፦ ሕመም ከጀመዓ ለመቅረት በቂ ዑዝር ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ያዘወትረው የነበረው መልካም ሥራም ሲታመም ይጻፍለታል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ እንኳ በሽታው ሳይሆን በጠረኑ ሰው እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ታዟል።

ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍል ዋናው ጉዳይ አየር ነው። ስንናገርና ስናስል የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። አንድ መስኮት መክፈት ይረዳል፤ መስኮቱንና ፊት ለፊቱ ያለውን በር አብሮ መክፈት ግን አየሩን አሳልፎ ያወጣዋል። ሌሊት ይበርዳል፣ እናውቃለን፤ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል። ጎን ለጎን ያሉ አልጋዎች ላይ አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ይተኛ። የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻና የምንዋዋሰው የሽንት ቤት ሃይላንድ በበረኪና ይጽዱ፦ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 1 እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ግን አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መስገጃ የየራሳችን ይሁን። የሰኞና ሐሙስ ማፍጠሪያውንም ለጊዜው በየሰሐናችን እናድርገው። አልኮል ስላለው ሳኒታይዘር ለሚጠራጠሩም፣ የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2002 መካ ላይ አልኮልን ለውጭ አካል ማጽጃነት መጠቀምን ፈቅዷል።

ወደ ተደበቀው ሳል እንመለስ። ለብቻህ ሁን ብለን የነገርነው ወንድም በረሃብና በብቸኝነት ከተቀጣ ነገ ሌላው ይደብቃል። ስለዚህ በየብሎኩ፣ በእህቶችም በወንድሞችም በኩል፣ አንድ ተጠሪ እንመድባለን። ያመመው ሰው ለተጠሪው ይናገራል፤ ተጠሪው ክሊኒክ ወይም 8335 ያስደውላል፣ ምግቡን ከካፌ አምጥቶ በር ላይ ያስቀምጣል፣ ኖቱን ከክፍል ጓደኞቹ ሰብስቦ ይልክለታል። ያለፈው ፈተና ካለ ከዲፓርትመንቱ ጋር አብሮት ይነጋገራል። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጁሙዓ በኋላ ስማችሁን ስጡን። የታመመውን ሰው ስም ግን ማንም ቴሌግራም ላይ እንዳይለጥፍ።

ወላሁ አዕለም።