ትምህርት 11፦ አወዳድሮ መወሰን
(ባለሞተር ቤትና ተሳቢ ቤት)

ሀ. መግቢያ

ሰው በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። አንደኛው ፍጹም መልካም፣ ሁለተኛው ፍጹም ክፉ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ባላስቸገረ ነበር። የሚያስቸግረው ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት ሲኖራቸው ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እንደ ተባለው፣ አንዱን የያዘ ሌላውን መልቀቁ የማይቀር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አሳብን በጽሑፍ ዘርዝሮ ማወዳደር ለውሳኔ ይረዳል። በዚህ ትምህርት የማወዳደሪያ ድርሰት እንዴት እንደሚዘጋጅና በአማርኛ ለማወዳደር የሚያገለግሉት ቃላት የትኞቹ እንደ ሆኑ እንመለከታለን።

ለ. ከንባብ በፊት

በምንባቡ ውስጥ ሁለት ዐይነት የጉዞ ቤቶች ይነሣሉ። ባለሞተር ቤት የምንለው ሞተሩ፣ ጋቢናውና መኝታው በአንድ ሻንሲ ላይ የተሠሩበትን መኪና ነው። ተሳቢ ቤት የምንለው ደግሞ የራሱ ሞተር የሌለውንና በሌላ መኪና የሚጎተተውን ቤት ነው። ይህ ዐይነቱ ቤት በተለምዶ ካራቫን ይባላል፤ በመንገድ ሥራ ሰፈሮች ለኖሩ ሠራተኞችም እንግዳ ነገር አይደለም። ተሳቢ የሚለውም ቃል ከጅቡቲ ወደብ ጭነት በሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች ምክንያት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው።

ቤትን ይዞ መጓዝ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን መናገሻቸው ከማድረጋቸው በፊት፣ ነገሥታቱ ከሠራዊታቸው ጋር በድንኳን እየሰፈሩ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ከተማ የሚለው ቃልም ጥንት የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበር። ድንኳኑ ሌላ፣ ድንኳኑን የሚሸከመው በቅሎ ሌላ መሆኑን ልብ በሉ። በቅሎው ቢደክም ድንኳኑ በሌላ በቅሎ ይጫናል። የተሳቢ ቤትም ዋና አሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሐ. ምንባብ

የሚከተለው ድርሰት ለማስተማሪያ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ በቦሌ ሚካኤል ሰፈር የምትኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንደ ሆነች አድርጋችሁ አስቡ። ድርሰቱን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ።

ባለሞተሩን ቤት እንሽጠውን?

1. አባቴ አዕዋፍን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን የሚያስጎበኙ ሰው ናቸው። ለሥራቸውም ሁለት መኪናዎች አሏቸው። አንደኛው ላንድክሩዘር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአሮጌ አይሱዙ አውቶቡስ ተለውጦ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ በርሜል የተገጠመለት ባለሞተር ቤት ነው። ላንድክሩዘሩን አባቴ ራሳቸው ሲነዱ፣ ባለሞተሩን ቤት የሚነዳው ለስምንት ዓመታት አብሮን የሠራ ሹፌር ነው። አሁን አባቴ ባለሞተሩን ቤት ሸጠው፣ በላንድክሩዘሩ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ለመግዛት አስበዋል። እናቴ ግን በአሳቡ አልተስማሙም። ብዙ ምሽት ከተነጋገሩ በኋላ አባቴ፣ «ልጄ፣ የእኔንም የእናትሽንም አሳብ በወረቀት ላይ አስፍሪልን» አሉኝ። ያለን ሀብት ይኸው ስለ ሆነ፣ ውሳኔው ቢበላሽ የእኔና የወንድሞቼ የትምህርት ወጪ ጭምር ይነካል።

2. በመጀመሪያ ወጪውን እንመልከት። ሁለት ሞተር ያለው ሰው ለሁለት ሞተር ዘይት ይቀይራል፤ ለሁለት መኪና ነዳጅ ይቀዳል፤ የሁለት መኪና መድን ይከፍላል። ባለሞተሩ ቤት ሲበላሽ ደግሞ መኝታውም ምድጃውም አብረውት ጋራዥ ይገባሉ። ተሳቢ ቤትም ታርጋና ጎማ የሚያስፈልገው ቢሆንም፣ የሚበላሽ ሞተርና ማርሽ የለውም። በዚህ በኩል የአባቴ አሳብ ይበልጣል። ይሁን እንጂ እናቴ የሚያነሡት ነገር ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ሞተር ያለውን ነገር ዛሬ ከሸጥነው፣ ነገ ብንጸጸት መልሰን ለማግኘት እንቸገራለን።

3. ሁለተኛው ነገር የሥራው ጠባይ ነው። አባቴ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ደቡብ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሦስት ወይም አራት ቀን ይሰፍራሉ፤ ከዚያም እየተነሡ አቢያታ ሻላን ያስጎበኛሉ። ወደ ባሌ ሲዘልቁም ዲንሾ ላይ ሰፍረው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው ወደ ሳነቲ አምባ ይወጣሉ። ተሳቢ ቤት ቢኖራቸው ቤቱን ከሰፈሩ ፈትተው ትተው፣ በላንድክሩዘሩ ብቻ ተራራውን ይወጡ ነበር። በአንጻሩ ወደ ሰሜን የሚደረገው ጉዞ ሌላ ነው። ባሕር ዳር አንድ ሌሊት፣ ጎንደር አንድ ሌሊት እየታደረ ለሚኬድበት መንገድ፣ ቤቱን ማታ እየፈቱ ጧት መልሶ ማያያዝ አድካሚ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ባለሞተሩ ቤት ከተሳቢው ይልቅ ይመቻል።

4. ሦስተኛው ነገር ደኅንነት ነው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። የአገራችን መንገድ ቁልቁለትና ዐቀበት የበዛበት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠልቃል፤ ወንዙን ከተሻገረም በኋላ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በደሴ መንገድ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። በቦሌ ሜዳ ላይ ያለ ችግር የሚጎትት መኪና ጣርማ በር ላይ ሊለምን ይችላል። ቁልቁለቱም ከዐቀበቱ ይከፋል፤ ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ክብደቱ ሁሉ በጎታቹ ፍሬን ላይ ይወድቃልና። ፍሬኑ ከጋለ መያዙን ያቆማል። ደግሞም የተሳቢው ጭነት ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ይወላወላል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መጫን ይህንን እንደሚቀንስ ባለሙያዎች ያስተምራሉ። ተሳቢው በሚጎተትበት ጊዜም ሰው በውስጡ ሊቀመጥ አይገባም።

5. አራተኛው የማደሪያው ነገር ነው። ሰፈራችን ቦሌ ሚካኤል ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በመሆኑ እንግዶችን ለመቀበል ይመቻል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ግን ጠባብ ናቸው። ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት ትምህርት ይጠይቃል፤ ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲዞር መሪው በመጀመሪያ ወደ ግራ መዞር አለበትና። አባቴ በእኛ በር በኩል ሲገቡ ይህንን በየጊዜው ማድረግ ይኖርባቸዋል። ባለሞተሩ ቤት ትልቅ ቢሆንም በዚህ ረገድ ይቀላል።

6. አምስተኛው ነገር በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ባለሞተሩ ቤት ከተሸጠ ሹፌራችን ሥራ ያጣል። አባቴ ይህንን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። እናቴ ደግሞ፣ «ካራቫኑን ሜዳ ላይ ትታችሁ ስትሄዱ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ሁለቱን ችግሮች ጎን ለጎን ጽፌ ስመለከታቸው፣ አንዱ ለሌላው መልስ ሆኖ አገኘሁት። ሹፌራችን ሰፈሩን እየጠበቀ ምግብ ሊያሰናዳ፣ አባቴ በደከሙም ጊዜ ላንድክሩዘሩን ሊነዳ ይችላል። ይህ ከሆነ ግን ደመወዙን እናተርፋለን የተባለው ከሒሳቡ መውጣት አለበት። ከሒሳቡ ቢወጣም እንኳ የአንድ ሞተር ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ይቀርልናል።

7. ስለዚህ እኔ የደረስሁበት አሳብ የሚከተለው ነው። የሥራችን ብዙው ክፍል አንድ ቦታ ሰፍሮ መቆየት ስለ ሆነ፣ ወደ ተሳቢ ቤት መለወጡ ይሻላል። ነገር ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዳይሆንብን ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ የሚገዛው ተሳቢ ከነጭነቱ ተመዝኖ ላንድክሩዘሩ ከሚችለው በታች ይሁን፤ የራሱም ፍሬን ይኑረው። ሁለተኛ፣ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት የሚያስችል መሆኑ ይጣራ። ሦስተኛ፣ ባለሞተሩ ቤት ከመሸጡ በፊት አባቴ ያንኑ ያህል የሚመዝን ተሳቢ ተውሰው እስከ ላንጋኖ ደርሰው ይመለሱ። ወደ ሰሜን የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ ግን ተሳቢውን እቤት ትተን በሆቴል ማሳደር ይገባናል። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ባለሞተሩ ቤት አይሸጥ።

መ. የድርሰቱ አሠራር

ጸሐፊዋ የአንዱን ወገን ጥቅም ብቻ ጽፋ አላቆመችም። በየአንቀጹ አንድ መመዘኛ ካቀረበች በኋላ ሁለቱን ቤቶች በዚያው መመዘኛ ትለካቸዋለች። መመዘኛዎቹ ወጪ፣ የሥራው ጠባይ፣ ደኅንነት፣ ማደሪያና የሰው ኑሮ ናቸው። አንዱን ቤት በወጪ፣ ሌላውን በደኅንነት ብትለካቸው ኖሮ ማወዳደሯ ፍሬ ባልሰጠ ነበር።

ደግሞም መመዘኛዎቹ ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ ታስረዳለች። ማደሪያው ባለሞተሩን ቤት ቢደግፍም፣ ስለ እርሱ የምትጽፈው ጥቂት ነው። ስለ ደኅንነት ግን ብዙ ትላለች፤ እዚያ ላይ የሚደርሰው ስሕተት የሰው ሕይወት ያስከፍላልና። «የትኛው ቤት ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ በደፈናው መልስ የለም። መልስ የሚኖረው «ለማን? በየትኛው መንገድ? ለምን ያህል ቀን?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ሠ. ሰዋስው፦ የማወዳደሪያ ቃላት

የአማርኛ ቅጽል ለማወዳደር ሲባል ቅርጹን አይለውጥም። ማወዳደር የሚገለጸው በሚከተሉት መንገዶች ነው።

1. «ከ» ከስም ጋር፣ ቀጥሎም «ይልቅ»። ምሳሌ፦ ባለሞተሩ ቤት ከተሳቢው ይልቅ ለመንዳት ይቀላል።
2. «ከ» ከስም ጋር፣ ቀጥሎም «ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይሻላል፣ ይከፋል» የሚሉት ግሦች። ምሳሌ፦ ቁልቁለቱ ከዐቀበቱ ይከፋል።
3. «የ...ን ያህል»። እኩልነትን ወይም የእኩልነትን አለመኖር ያሳያል። ምሳሌ፦ ተሳቢው የባለሞተሩን ቤት ያህል ጥገና አይጠይቅም።
4. «ከሁሉ»። አንዱ ከብዙዎች መላቁን ያሳያል። ምሳሌ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ደኅንነት ነው።
5. ሁለት ተቃራኒ አሳቦችን የሚያያይዙ፦ ግን፣ ነገር ግን፣ ይሁን እንጂ፣ በአንጻሩ፣ ቢሆንም።

ለውሳኔ የሚጻፍ ድርሰት ሁኔታን የሚገልጹ ግሦችም ያስፈልጉታል። «ተሳቢው ፍሬን ከሌለው አይገዛ» ስንል ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «ተሳቢው ፍሬን ባይኖረው ኖሮ አይገዛም ነበር» ስንል ግን ነገሩ አልፏል፤ ፍሬኑ ስለ ነበረው ተገዝቷል ማለት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አንባቢን ያሳስታል።

ረ. መልመጃዎች

መልመጃ 1። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. እናትየዋ ባለሞተሩ ቤት እንዳይሸጥ ያቀረቡት ምክንያት ምንድን ነው?
2. ተሳቢ ቤት በዲንሾ ጠቃሚ፣ በሰሜን ጉዞ ግን አድካሚ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. በአንቀጽ 6 ሁለት ችግሮች እርስ በርስ መልስ የሆኑት እንዴት ነው? በዚህስ ምክንያት ከሒሳቡ የወጣው ምንድን ነው?

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች በዐረፍተ ነገር አስገቡ። ይወላወላል፤ በአንጻሩ፤ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ሊለምን ይችላል።

መልመጃ 3። የሚከተሉትን ጥንዶች «ይልቅ»፣ «ያህል» ወይም «ይበልጣል» በሚሉት ቃላት እያያያዛችሁ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
1. የዓባይ ሸለቆ መንገድ፤ የላንጋኖ መንገድ
2. ድንኳን፤ ካራቫን
3. የነዳጅ ወጪ፤ የመድን ወጪ

መልመጃ 4። የጸሐፊዋን ውሳኔ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? ባለሞተሩ ቤት መሸጥ የለበትም ብሎ የሚያምን ሰው እንደ ሆናችሁ አድርጋችሁ፣ አንቀጽ 7ን በሌላ ውሳኔ ተክታችሁ ጻፉ። ለጸሐፊዋ ብርቱ ምክንያቶች መልስ ሳትሰጡ አትለፉ።

መልመጃ 5። በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ በእርግጥ ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ ምረጡ። የሚመለከታቸውን ሰዎች አሳባቸውን ጠይቁ። ከዚያም ቢያንስ አራት መመዘኛዎችን ዘርዝራችሁ ሁለት ገጽ የሚሆን የማወዳደሪያ ድርሰት ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ ውሳኔያችሁን፣ ውሳኔው ሊለወጥ የሚችልበትንም ሁኔታ ግለጹ።